ያገለገለ የአኳሪየም ዕቃ ስታጥቡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ዓሣ ለማሳደግ የተነሳ ሰው እጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ ያገለገለ ዕቃ ነው። አንዱ ከተዘጋ ካፌ ገንዳ ይገዛል። ሌላው አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ የሰለቸውን ዕቃ 130 ኪሎ ሜትር አስጭኖ ያመጣል። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋሮቢት ድረስ የሚወርድም አለ። ጥሩ ነገር ነው። አዲሱ ውድ ነው፣ ደህና የመስታወት ገንዳ ደግሞ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

የሚያሳስበኝ አጠባቡ ነው። ሰው "በደንብ ላጽዳው" ብሎ በሳሙና ይፈትገዋል፣ በረኪና ይደፋበታል፣ በማግስቱ ዓሣ ያስገባል። ዓሣው ሲሞት "ዕቃው በሽታ ነበረበት" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የጎዳው የማጠቢያው ቅሪት ነው፤ አለዚያም ችኮላው። ከዚህ በታች ያሉት በተደጋጋሚ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ እኩል አይረዝሙም። አደጋ ባለበት ረዘም አድርጌአለሁ።

ሳልገዛው በፊት ባለቤቱን ምን ልጠይቀው?

አራት ነገር። የመጨረሻዎቹ ዓሦች በምን ሞቱ? መድኃኒት ተጨምሮበት ያውቃል? ገንዳው ባዶውን ስንት ጊዜ ቆየ? ከዓሣ ሌላ ነገር ተቀምጦበት ያውቃል?

የመድኃኒቱን ጥያቄ አትለፉት። አንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው። መዳብ በገንዳው ሲልኮንና በኖራማ ጠጠር ላይ ይቀራል፤ ውሃ ሲገባበት ቀስ እያለ ይወጣል። ዓሣው ሊችለው ይችላል። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ግን ያልቃሉ። ስለዚህ መዳብ የገባበትን ገንዳ ለዓሣ ብቻ አድርጉት፣ ጠጠሩንም ተዉት።

አራተኛው ጥያቄ የሚገርማቸው አሉ። ነገር ግን ባዶ ገንዳ ማጀት ውስጥ ሲቀመጥ ቀለም፣ ነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ ጠርሙስ ማስቀመጫ ይሆናል። ፀረ ተባይ ከነካው አትግዙት። ይህን በማጠብ ለማስለቀቅ መሞከር ዋጋ የለውም።

በኦሞ ወይም በላርጎ ባጥበው ምንድን ነው ችግሩ?

ሳሙና ቅባት የሚያነሳበት ያው ኃይል የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳዋል። ስንጥቡ ዓሣው የሚተነፍስበት ነው፤ ስስ ነው፣ በላዩ ያለው ልፋጭም መከላከያው ነው። ትንሽ የሳሙና ቅሪት ያን ልፋጭ ይነሳዋል።

"በደንብ አለቅልቀዋለሁ" ትሉ ይሆናል። መስታወቱን ማለቅለቅ ይቻላል። ስፖንጁ፣ የሲልኮኑ ስፌትና ቱቦው ግን ሳሙናውን ይዘው ይቀራሉ። የወጥ ቤት ስፖንጅም አትጠቀሙ፣ ቀድሞውኑ ላርጎ ጠጥቷል። ለዓሣ ብቻ የሚሆን አንድ ባልዲና አንድ ስፖንጅ ለዩ፣ ቤተሰቡም ይወቀው። ባልዲው ላይ በማርከር ጻፉበት።

መስታወቱ ላይ የደረቀው ነጭ ነገር አልለቅ አለኝ

ኖራ ነው። ውሃው ሲተን የሚተወው ማዕድን ነው። የሚያስለቅቀው አቼቶ ነው፤ ተራው፣ ለሰላጣ የምንጠቀምበት ነጩ።

ገንዳውን በጎኑ አስተኙት፣ ነጩ መስመር ያለበት መስታወት ከታች ይሁን። ሶፍት በአቼቶ አርሱና መስመሩን ተከትላችሁ አልብሱት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሶፍቱን ስታነሱ ኖራው ለስልሶ እንደ እርጥብ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ። በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ግፉት። ያልለቀቀ ካለ ሶፍቱን ድገሙት እንጂ ጉልበት አትጨምሩ።

ምላጭ መጠቀም ይቻላል፣ ግን መስታወት ላይ ብቻ። አጋድማችሁ ያዙት፣ ወደ ስፌቱ ስትደርሱ አንድ ጣት ያህል ሲቀር ቁሙ። ምላጭ የነካው ሲልኮን ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ገንዳው አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ምላጭም የብረት ፋጋም አይነካውም፣ ይጫጫራል። ለመለየት በጥፍር ኳ አድርጉት፦ መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ስትነኩትም ይቀዘቅዛል። አክሪሊክ ድምፁ ድፍን ነው።

ሲያበቃ አቼቶውን በብዙ ውሃ አጥባችሁ አስወግዱ። ለምን በዚህ ላይ እንደምጠነክር ቀጥሎ ታያላችሁ።

በረኪና ይፈቀዳል? ልኩስ ስንት ነው?

ይፈቀዳል፤ ሥርዓቱን ከጠበቃችሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር፦ በረኪናና አቼቶ በፍጹም አይገናኙ። ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በረኪናን ከሎሚ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንደዚሁ አደገኛ ነው። በአቼቶ ያጸዳችሁትን ዕቃ በደንብ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ በረኪናውን በሌላ ቀን አድርጉት።

ልኩ እንዲህ ነው። ተራ የቤት በረኪና 5 በመቶ አካባቢ ነው። እሱን 1 እጅ፣ ውሃ 20 እጅ። ለ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ሊትር በረኪና ማለት ነው። ሽታ ወይም ሳሙና የተጨመረበትን ተዉት፣ ተራውን ግዙ። የቆየና ፀሐይ የመታው በረኪና ኃይሉ ይቀንሳል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ጋዙን ያስነሳዋል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አልጌውን፣ ዝቃጩን፣ ጭቃውን በውሃ ብቻ አስወግዱ። በረኪና ቆሻሻ ካገኘ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፣ ለጀርሙ አይተርፍም። ከዚያ ዕቃውን ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ሁኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። የደብረ ብርሃን ብርድ በር ዘግቶ ለመሥራት ይገፋፋል። እባካችሁ ለዚህ ሥራ በሩን ክፈቱት።

ከዚያ ማለቅለቅ ነው። ደጋግማችሁ፣ በየጊዜው ውሃ እየቀየራችሁ። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ በርከት አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩና ዕቃውን ዘፍዝፉት። በመጨረሻ እስኪደርቅ ድረስ አየር ላይ ተዉት። ሽታውን የሚፈትሽ ሌላ ሰው ይሁን። በረኪና ሲሠራ የዋለ ሰው አፍንጫ ሽታውን ስለሚለምደው "ለቋል" ብሎ ይሳሳታል።

በረኪና የማይነካቸውም አሉ፦ እንጨት፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ፣ ሸክላ። እነዚህ ጠጥተው ይይዙታል፣ በኋላ ይለቁታል። ብረት ያለበት ዕቃም ይዝጋል።

በረኪና ሁሉንም ጀርም ይገድላል?

አይገድልም። የዓሣ ነቀርሳ (ቲቢ) የሚባለውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቆዳው ሰም የተቀባ ያህል ነው፣ ተራ የበረኪና ውሃ ይቋቋማል። እሱን የሚያሸንፈው 70 በመቶ አልኮል ነው። ፋርማሲ ይገኛል። መስታወቱን ጥረጉበት፣ እርጥብ ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይድረቅ። አክሪሊክ ላይ ግን አልኮል አይሆንም፣ ይሰነጣጥቀዋል።

አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል። የከሰል ምድጃ ባለበት ቤት ውስጥ አትሥሩ። ቡና እየተፈላ አልኮል መክፈት የለም።

ይህ ባክቴሪያ ሰውንም ይይዛል፤ በእጅ ላይ ባለ ጭረት ይገባል። ገንዳ ካጠባችሁ ከሳምንታት በኋላ ጣታችሁ ወይም እጃችሁ ላይ የማይድን እባጭ ብቅ ካለ ለሐኪሙ "የዓሣ ገንዳ አጥቤ ነበር" በሉት። ያን ካላነሳችሁለት ላይጠረጥር ይችላል፣ ሕክምናውም ከተራ ቁስል የተለየ ነው። ስለዚህ ጓንት አትርሱ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡ። አፍን ቱቦ ላይ ገጥሞ ውሃ መሳብም ይቅር።

የቀድሞው ባለቤት "ከሱ፣ ጀርባቸው ጎበጠ፣ አንድ በአንድ አለቁ" ካላችሁ ስፖንጁን፣ ጠጠሩንና እንጨቱን ጣሉ። መስታወቱን ብቻ አትርፉ።

ኬሚካል ከምጠቀም ባፈላው አይሻልም?

ለአንዳንዱ ይሻላል። ጠጠርና የገንዳ እንጨት ይፈላሉ። ግን ከፍታችንን አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ90 ወይም 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋሮቢት ወርዳችሁ ብታፈሉት 95 ወይም 96 ይደርሳል። መንፈላፈሉ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ ሙቀቱ አንድ አይደለም። ስለዚህ ደጋው ላይ ያለን ሰዎች ጊዜውን እናርዝመው፤ ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ይቆይ። ትልቅ እንጨት ከሆነ ከዚያም በላይ። ድስቱ ወደ ምግብ ማብሰያ የማይመለስ ይሁን።

ትልልቅ ድንጋይ ግን አታፍሉ። ውስጡ የታፈነ አየርና ውሃ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ፕላስቲክ ይጣመማል። የፈላ ውሃ ገንዳው ውስጥ ማፍሰስማ የተከለከለ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያቀዘቀዘው መስታወት ሙቅ ውሃ ሲነካው ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል።

ፊልተሩን እንዴት ላጽዳ?

ሶኬቱን ነቅላችሁ ፍቱት። ውስጡ ትንሽ ክንፍ ያለው የሚሽከረከር ማግኔት አለ። ሳብ ስታደርጉት ይወጣል። አልጌና ፀጉር የሚጠመጠመው እሱ ላይ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቤቱንም እሱንም አጽዱ። "ሞተሩ ሞቷል" ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፊልተር አንዳንዴ ችግሩ ይህ ብቻ ነው።

ስፖንጁ ከተበጣጠሰ ወይም ታሪኩን ካላወቃችሁ አዲስ ግዙ። "የድሮው ስፖንጅ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለው" የሚባለው እውነት ነው፣ ግን እርጥብና በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ማጀት ውስጥ ደርቆ የከረመ ስፖንጅ ያ ባክቴሪያ የለውም።

እግረ መንገዴን መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ልንገራችሁ። ዝግ የሆነ ፊልተር መብራት ጠፍቶ ለብዙ ሰዓት ሲቆም ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ይሞታል። መብራት ሲመጣ ያን የበሰበሰ ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሣው ይገፋዋል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፊልተሩን ክፈቱ፣ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አጥባችሁ ነው የምትመልሱት።

ሂተሩን፣ ፓምፑንና መብራቱን ማጠብ ይቻላል?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ውሃና 220 ቮልት ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ 110 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ስፒናውም ጠፍጣፋ ነው። አስማሚ ስፒና ቅርጹን ይቀይራል እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። እሱን እኛ ሶኬት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ሂተሩን ወደ ብርሃን አንሱና አዙራችሁ እዩት። የመስታወቱ ቱቦ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ፣ ውስጡ ጤዛ ወይም የውሃ ጠብታ ከታየ፣ ሽቦው የሚገባበት የጎማ ክዳን ከደረቀና ከተሰነጠቀ፣ በቃ ይጣል። አይጠገንም፣ አይለጠፍም። ስትጥሉትም ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው ሽቦውን ቁረጡት።

ደህና ከሆነ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ አለቅልቁት። ስፒናውና ሽቦው ውሃ አይግቡ፤ ከታጠበ በኋላም ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ገንዳ ውስጥ ሳይሆን ባልዲ ውሃ ውስጥ ፈትኑት። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ቀጥሎ ይሰካ። ቴርሞሜትር አስገቡ። የተስተካከለበት ሙቀት ላይ ሲደርስ ካልጠፋ ዓሣ ይቀቅላል፣ አትጠቀሙበት። ሲሰካ እጃችሁ ውሃው ውስጥ አይኑር። ስትነቅሉም ከውሃ ከማውጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ይብረድ፤ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ አየር ሲመታው ይፈነዳል።

ሲገጠም ሽቦው ከሶኬቱ በታች ወርዶ፣ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ተመልሶ ይውጣ። እንዲህ ከሆነ በሽቦው የወረደ ውሃ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም። ማከፋፈያውን ወለል ላይ አታስቀምጡ። አቅም ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አስገጥሙ። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን አላቅማማበትም።

ገንዳው ያፈስ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ቤት ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ ሞክሩት። ስፍራው የተስተካከለ ይሁን፣ ከሥሩ ፎም አንጥፉ፣ በፎሙ ላይ ጋዜጣ። በደረጃ ሙሉት፦ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ውጩን አድርቃችሁ ደረቅ ሶፍት በስፌቶቹ ላይ አስኪዱ። ለሁለት ቀን ይቆይ። ጋዜጣው የረጠበበት ቦታ ይነግራችኋል።

ክብደቱን አትናቁት። 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 54 ኪሎ ነው። ውሃ ወይም ጠጠር እንዳለበት ማንሳትም፣ በሚኒባስ መጫንም ስፌቱን ይገነጥላል።

ካፈሰ፣ አሮጌው ሲልኮን ላይ አዲስ መቀባት አይያዝም። አሮጌው ተፍቆ ይወጣል፣ መስታወቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው አዲሱ። ሲልኮኑ ለአኳሪየም የተባለ ይሁን። ለባኞ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ለዓሣ መርዝ ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ መድረቁ ይዘገያል፤ ሳምንት ስጡት።

ክረምት ላይ አልደርቅ አለኝ

ጠብቁ። ብዙ የዓሣ ተባዮች፣ የነጭ ነጥብ በሽታ አምጪውም ጭምር፣ ሙሉ ድርቀት አይችሉም። ስለዚህ ማድረቅ ራሱ ማጽዳት ነው። በበጋ የደጋው ፀሐይ ሥራውን በፍጥነት ይጨርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ቤት ውስጥ አየር በሚገባበት ቦታ ደፍታችሁ ተዉት፣ በየማዕዘኑ የቀረውን እርጥበት በጨርቅ አንሱ።

የድሮውን ተክል፣ ቀንድ አውጣና ጠጠር ወደ በሬሳ ወንዝ ብጥለው ምን አለበት?

አለበት። በሬሳ ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ወደ ዓባይ። ወደ ሸዋሮቢት በኩል ያሉት ወንዞች ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እኛ ቤት ለጌጥ የምናሳድገው ተክል ወንዝ ላይ አረም ሊሆን ይችላል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ያማረ አበባ ያለው ተክል ነው። ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011 ታየ። ጣና ላይ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው ምን እንዳሳለፈ ሁላችንም ሰምተናል። ተክሉን ፀሐይ ላይ አድርቁና አቃጥሉ ወይም ቅበሩ። ቀንድ አውጣውን የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ቅበሩት። የበረኪና ውሃም ወንዝ ዳር አይደፋም፣ ፍሳሽ ውስጥ በብዙ ውሃ ይሂድ። ዝም ብሎ ያረጀ የገንዳ ውሃ ከሆነ ግን ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ነው፤ መድኃኒት ወይም ጨው ካልገባበት።

ከወንዝ ድንጋይ ባመጣስ?

ይቻላል፣ ግን እንደ ሸዋሮቢት ባለው ቆላ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አትልቀሙ። ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በእንዲህ ያሉ ወንዞች አሉ፣ በሽታው የሚገባው ደግሞ በእርጥብ ቆዳ በኩል ነው። ከዳር ደረቁን ውሰዱ። አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ከተፍለቀለቀ ኖራ አለው፣ ውሃችሁን ያጠጥረዋል።

ሁሉም ታጥቧል። ዓሣው መቼ ይግባ?

ዛሬ አይደለም። በደንብ የታጠበ ገንዳ ጠቃሚው ባክቴሪያም የለውም። ዓሣው የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ይህኛው የዋህ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከዚያም ይረዝማል፤ ስለዚህ ሂተሩ ከመጀመሪያው ቀን ይሥራ።

ገንዳውን ሙሉ፣ ፊልተሩን አስነሱ፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያው በሱ ይራባል። ጤነኛ ዓሣ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ከሱ ፊልተር እርጥብ የስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት፣ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ ክፍት ባልዲ ውስጥ ለአንድ ቀን አሳድሩት። የአየር ፓምፑንም አትዝለሉ። በእኛ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የመመርመሪያ ጠብታ ካገኛችሁ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ አስገቡ። ካላገኛችሁ ስድስቱን ሳምንት ጠብቁና ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ዓሣ ብቻ አስገቡ። ላይ ወጥተው አየር የሚጎርሱ ከሆነ የውሃውን ሲሶ ቀይሩ፣ ምግብ ለአንድ ቀን ያዙ። ደህና ከሆኑ ሌሎቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨምሩ።